የአራት ሰው ጠመንጃ

በሕይወቴ አንድ ጥይት ተኩሼ አላውቅም። ያም ሆኖ በ2021 ሰመር ላይ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ካለነው አበሾች መካከል ከውጭ ስለሚገቡ ርካሽ የአደን ጠመንጃዎች የእኔን ያህል ያነበበ ሰው ነበር ብዬ አላምንም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ብዙ ያነበበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ያነበበውን ብቻ ነው፤ ያላነበበው አንድ ገጽ ደግሞ የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ነገሩ የተነሣው ከሥጋ ነው። አራት ሆነን ለዓመታት ቅርጫ እንገባ ነበር። ከከተማው አንድ ሰዓት በመኪና ርቆ የሚኖር አንድ አዛውንት ገበሬ በሬ ይሸጥልናል፤ እዚያው ግቢው ውስጥ አርደን፣ መደብ መድበን፣ ዕጣ ጥለን እንመለሳለን። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ገበሬው ባለቤቱ ሳንባዋ ደካማ መሆኑን ነግሮን በሩን ዘጋ። በዚያው ሰሞን የሱፐርማርኬቱ የሥጋ መደርደሪያም ባዶ ሆኖ ሰነበተ። በዓመቱ ገበሬው ደወለ። ሰው ሰብስቦ በሬ ማሳረዱን አሁንም አልፈለገም፤ ነገር ግን አጋዘን አኩሪ አተሩን በልቶ ጨርሶበታል። በኅዳር፣ አደን በሚፈቀድበት ሳምንት፣ መጥተን ብንመታለት ሥጋውን እንድንወስድ ፈቀደ።

አራታችን ማን ማን እንደሆንን ልናገር። አንዱ የረጅም መንገድ ትራክ ሹፌር ነው፤ ባሌ ያደገ፣ ጾም የማይገድፍ ኦርቶዶክስ። ሁለተኛው ከአማርኛ ቤተ ክርስቲያኖቻችን በአንዱ ሽማግሌ ነው፤ ጴንጤ፣ አረጋውያንን በመጦር የሚተዳደር፣ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማው የለም። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ክሊንተንቪል በሚባለው የከተማው ሰፈር የምኖር፣ ጽሑፍ የምጽፍ፣ ቅጽ መሙላት ላስቸገረው ሁሉ ቅጽ የምሞላ፣ በየስብሰባው “አይሆንም” የማለትን ድርሻ ማንም ሳይሰጠኝ የያዝኩ። አራተኛው በዲቪ የመጣ፣ ሊንደን ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነው። ከሁላችንም ታናሹ እሱ ነው።

የዚህን ታናሻችንን ነገር አስቀድሜ ካልተናገርኩ የቀረው ትርጉም አይኖረውም። ያገባው እዚህ ከመጣ በኋላ፣ አዲስ አበባ ለጥቂት ሳምንታት በሄደበት ጊዜ ነው። ልጁን በአካል ያያት አንድ ጊዜ ብቻ፣ የስምንት ወር ሆና ነው። ሚስቱንና ልጁን በግሪን ካርድ ለማምጣት የጀመረው ፕሮሰስ ተጎትቶ ስላስመረረው ዜግነት አመለከተ፤ ዜጋ ከሆነ መንገዱ ያጥራል። ማመልከቻውን የሞላሁለት እኔ ነኝ፣ በወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ። ለአሜሪካ መንግሥት የሐሰት ቃል ሰጥተህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ ላይ ስንደርስ ሳቀ።

“ጋሼ፣ የትኛው መንግሥት ነው ያለው?”

“የዚህኛው።”

“እንግዲያው አይ በልልኝ።”

አይ አልኩለት። ከዚያ በወረርሽኙ ምክንያት ኢንተርቪው ቆመ፣ እሱም መጠበቅ ጀመረ። በየሳምንቱ ኮል እያደረገ “ጋሼ፣ ምን ይመስልሃል?” ይለኛል። እኔም እንደማውቅ ሰው እመልስለታለሁ።

የጠመንጃው ሐሳብ የመጣው አንድ እሑድ ከሰዓት፣ በጓሮዬ ወንበሮቻችንን አራርቀን በተቀመጥንበት ነው። ያነሣው ሹፌሩ ነው።

“ሥጋ በእግሩ እየመጣ ፍሪዘራችን ባዶ ይሁን?” አለ። “አንድ ጠመንጃ ያስፈልገናል። አለቀ።”

ሽማግሌው ፈገግ አለ። “በቢላዋ ያልታረደ በክት ነው የምትሉት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?”

“ነፍሱ ሳትወጣ ከደረስኩበት በክት አይደለም። አጎቴ ሲተኩስ ቢላዋውን በጥርሱ ነክሶ ነበር። ይተኩሳል፣ ይሮጣል፣ በስመ አብ ብሎ ይባርካል።”

“ወንድሜ፣” አልኩት፣ “የዛሬ የአደን ጠመንጃ እኮ እዚያው በቆመበት እንዲጥል ነው የሚሠራው። በስመ አብ ሳትል ያልቃል።”

“እንግዲያው ቶሎ የማይገድል ምረጥልና!”

ሦስታችን ሳቅን፤ እሱ አልሳቀም። ሽማግሌው፣ “የእኔ ድርሻ በክት ብትሆንም ግድ የለም፣ በጸሎት ትቀደሳለች” አለ።

“ያንተማ ፓስተርህ እባብም ብታቀርብለት ይባርክልሃል።”

“እባብ እስካሁን አላቀረባችሁልንም።”

“ደግሞስ የአደኑ ሳምንት የነቢያት ጾም ውስጥ ይወድቃል” አልኩ፣ ተቃውሞ ማቅረብ ልማዴ ስለሆነ።

“ፍሪዘር ለምን ተፈጠረ ታዲያ?” አለ ሹፌሩ።

ከዚያ ታናሻችን አንድ ነገር ጠየቀ። “የማን ጠመንጃ ነው የሚሆነው?”

“የሁላችን!” አለ ሹፌሩ። “በሬ ለአራት ከተገዛ ጠመንጃ ለአራት የማይገዛበት ምክንያት አለ?”

ማናችንም ምክንያት አላገኘንም። እኔም፣ በሌለ ነገር ላይ ምክንያት የማላጣው ሰው፣ የጠየቅሁት የት ያድራል ብዬ ብቻ ነው። እንደ እቁብ በየተራ ቤት ለቤት እንዲዞር ተወሰነ። ባለቤቴ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ብላ “እዚህ ቤት ተራው አይደርስም!” አለች። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ፤ በሬ የሚመርጥ ሰው እንደሚሾም ሁሉ እኔም ጠመንጃ እንድመርጥ ተሾምኩ። መመዘኛዬ ሁለት ነበር፤ ርካሽ መሆን አለበት፣ ቶሎም መግደል የለበትም። ለሁለተኛው የሚመልስ ጸሐፊ በየትኛውም ቋንቋ አላገኘሁም።

ማንበቡን ወደድኩት። ልደብቀው አልችልም። ባህር ማዶ የተሠራ ጠመንጃ መመዘን ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አያቶቻችን ውጅግራውን፣ ምንሽሩን፣ አልቤኑን በእጃቸው ሚዛን እየለኩ፣ የሠሪውን ስም እንዳመቻቸው እያጣመሙ፣ ከርስት እኩል ሲከራከሩበት ኖረዋል። እኔ በእጄ ፈንታ ኢንተርኔት ነበረኝ። የመጀመሪያ ፍቅሬ ቱርክ አገር የተሠራ ጠመንጃ ነበር። እንደ ሌሎቹ በዕጩነት የያዝኳቸው ሁሉ፣ በየተኩሱ መካከል በእጅ ወደ ኋላ ተስቦ፣ ወደ ፊት ተገፍቶ አዲስ ጥይት የሚጎርስ ዓይነት ነው። ሰደፉ እውነተኛ የለውዝ እንጨት፣ ብረቱ ጥቁር ሰማያዊ። ዋጋው ደግሞ እዚህ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ያነሰ። የሰደፉን ፎቶ ለባለቤቴ ሳሳያት “ከሶፋችን ይሻላል” አለች፤ ድጋፍ መሰለኝ።

ሁለት ወር ከወደድኩት በኋላ በየሱቁ በነፃ የሚታደለውን የኦሃዮን የአደን መመሪያ ገለጥኩ። መጀመሪያ ላነበው ይገባኝ የነበረው እሱን ነው። በዚህ ስቴት አጋዘን በጠመንጃ የሚመታው ቀለሃው ከላይ እስከ ታች ቀጥ ባለ ጥይት ብቻ ነው፤ እንደ ጠርሙስ ወደ አንገቱ የሚጠብ ከሆነ አይፈቀድም። የእኔ ቱርክ የሚጎርሰው ባለ አንገቱን ነበር። ያን ሁሉ ሪቪው የጻፉት ሰዎች ከሌላ ስቴት ስለነበሩ ይህን ያነሣልኝ አልነበረም። የአንድ ሰመር ጥናት በአንድ አንቀጽ ፈረሰ።

ቀጥሎ ወደ ስፔን ዞርኩ። ስፔን ተሠርቶ የሚገባ፣ የዚህን ስቴት ቀጥ ያለ ጥይት የሚጎርስ፣ ዋጋው ከቱርኩ ብዙም የማይርቅ ጠመንጃ ተገኘ። መልክ የለውም። ሰደፉ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፣ በጣት ቢያንኳኩት ባዶ ጀሪካን ይመስላል ይላሉ። ቃታው ግን ልስልስ ነው፤ አፈሙዙም ዝገት የሚከላከል ቅብ አለው። ያነበብኩትን ሁሉ ሳመዛዝን የደረስኩበት ይህ ነው፤ ርካሽ የሆነበት ቦታ በግልጽ ይታያል፣ የደበቀው ርካሽነት ግን የለውም። የቱርኩ ቆንጆ እንጨት ምን እንደሚሸፍን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም ነበር። የዚህኛው ጉድለት ከሩቅ ሰላም ይላል።

አንድ ነገር ብቻ እየደጋገመ አናደደኝ። የጻፈበት ሰው ሁሉ ምስጋናውን “ለዋጋው” በምትል ቃል ይቋጫል። ለዋጋው ትክክል ይመታል፣ ለዋጋው ጠንካራ ነው። ከውጭ የገባ፣ ብዙ የማይጠይቅ፣ በብርድም በዝናብም የሚሠራ፣ ለዋጋው የሚያስመሰግን። መጋዘን ውስጥ ለሚሠራው ወዳጃችን አለቆቹ የሚጽፉለት የሥራ ማስረጃ መሰለኝ።

ምርጫዬ ጸደቀ። ማን ሄዶ ይግዛ የሚለው ግን አላነጋገረንም፤ በእኛ ዘንድ ታናሽ ይላካል። ሹፌሩ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ሽማግሌው ምእመናን ምን ይሉኛል አለ። እኔ ስሜ በጠመንጃ ወረቀት ላይ እንዲሰፍር አልፈልግም አልኩ፤ አቋም ነው አልኩ፣ አቋም የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። ታናሻችን ደግሞ የአዳኞችን ኮርስ በኦንላይን ከሁላችን ቀድሞ ጨርሷል፣ ቅዳሜም ዕረፍቱ ነው። “እሺ” አለ። ታላላቆቹ ሲልኩት እሺ ከማለት ሌላ ምን ይላል? ድርሻ ድርሻችንን ሰጠነው፤ እኔም አብሬው ሄድኩ።

ሱቁ ሰፊ ነው፤ ግማሹ የጥይት መደርደሪያ ግን ባዶ ነበር፣ ያኔ ጥይት እንደ ሥጋው ተፈልጎ የማይገኝበት ጊዜ ስለነበር። ሽበቷን ወደ ኋላ የሰበሰበች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ጠመንጃውን አውርዳ ባዶ መሆኑን አሳየችንና ሰጠችው። ታናሻችን ጥይት ማጉረሻውን ወደ ኋላ ሳበው፣ ገፋው፣ ሳበው። ፊቱ ሲበራ አየሁ። መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው ዕቃ የሚያነሣ ሰው ነው፤ ያነሣው ነገር ሲያስደስተው ያኔ ገና ማየቴ ነው።

“ለዋጋው ጥሩ ነው” አለችው ሴትዮዋ።

ከዚያ ቅጹን አመጣች። ጠመንጃ የሚገዛ ሁሉ የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ ነው። ስሙን ጻፈ፣ አድራሻውን ጻፈ፣ የግሪን ካርዱን ቁጥር ጻፈ። ከዚያ ቆመ።

“ጋሼ፣ ይቺን እስቲ ተመልከታት።”

ተመለከትኳት። እውነተኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ ትላለች። ከሥሯ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ለሌላ ሰው ብለህ የምትገዛ ከሆነ እውነተኛው ገዢ አንተ አይደለህም፣ ሱቁም ሊሸጥልህ አይችልም። ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ የሐሰት መልስ መስጠት የፌዴራል ወንጀል ነው። ለዓመታት የሰው ቅጽ ስሞላ ኖሬ፣ ስለዚህ ጠመንጃ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤ፣ ያላነበብኩት ይህን ገጽ ነበር።

“ምን ልበል?” አለኝ በዝግታ። “አንተ ፈርም ካልከኝ እፈርማለሁ።”

አእምሮዬ ወዲያውኑ ሥራ ጀመረ። ሩቡ የእሱ ነው፤ የሩብ ባለቤት ባለቤት አይደለም የሚል የት አለ? በሬ ለአራት ሲገዛ ገበሬው ብሩን የሚቀበለው ከአንድ እጅ ነው፤ ገዢው ያ እጅ ነው። ደግሞስ አራታችንም ወንጀል የለብንም፣ እያንዳንዳችን ብቻችንን መግዛት እንችላለን፤ ታዲያ ማን ተታለለ? ክርክሩ ጥሩ ነበር። በጋዜጣ ላይ ባወጣው ሦስት ሳምንት የሚያነጋግር ክርክር ነበር። አንድ ጠበቃ ምን እንደሚለው ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም። ነገር ግን ክርክሩ የእኔ ሆኖ ፊርማው የእሱ ነበር። እኔ ከተሳሳትኩ የምከፍለው በሐፍረት ነው። እሱ ከተሳሳተ ለዜግነቱ አንድ መኮንን ፊት ተቀምጦ ሲጠየቅ ሚስቱና ልጁ አዲስ አበባ ይቀራሉ።

ስልኬ ጮኸ። ሹፌሩ ነው፣ ኢንዲያና ውስጥ ነዳጅ እየሞላ።

“ገዛችሁት?”

ነገሩን ነገርኩት።

“ምን ገዢ ነኝ አይደለሁም! ይፈርማ! ለወንድሞቹ እኮ ነው የሚገዛው። ወንድም ሌላ ሰው ነው እንዴ?”

“ቅጹ ሌላ ሰው ነው ይላል።”

“አንተ ደግሞ መቼ እሺ ብለህ ታውቃለህ! በልጄ ልደት ኬኩ ላይ እንኳን ተቃውሞ ነበረህ!”

እውነቱን ነው፤ ነበረኝ። በሁሉም ነገር አይሆንም ሲል የኖረ ሰው፣ የምር አይሆንም የሚልበት ቀን ሲመጣ የሚያምነው አያገኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን ቃል እንደ ዝርዝር ሳንቲም በትኜው፣ ሲያስፈልገኝ ኪሴ ባዶ ሆነ። አንድ ሰው ብቻ ነበር ቃሌን እየጠበቀ የቆመው።

“ብዕሩን አስቀምጠው” አልኩት።

አስቀመጠው። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ሴትዮዋ ደህና ናችሁ ወይ ስትለን በእንግሊዝኛ “አጎቴ ዛሬ አይሆንም ብሏል” አላት። እሷም አጎትን መስማት ደግ ነው ብላ፣ ጠመንጃውን በጨርቅ ጠርጋ ወደ ቦታው መለሰችው። መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ፣ “ቀላል ነበር፣ አይደል?” አለኝ። ስለ ጠመንጃው ክብደት ነው የሚያወራው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ሽማግሌው ደወለ። ይወቅሰኛል ብዬ ነበር። “ሳስበው ዋልኩ” አለ በዚያ በማይነሣ ድምፁ። “አንተ ስምህን ሸሸግህ። እኔም ስሜን ሸሸግሁ። ሹፌሩም ሥራ አመካኘ። የሦስታችንን ስም አድነን የእሱን ስም ነው ያወጣነው። ከሁላችን የሚያጣው ነገር ያለው እሱ ሆኖ ሳለ።”

“ታናሽ ይላካል ብለን ነዋ” አልኩ።

“ዳቦ ለመግዛት ይላካል” አለ ሽማግሌው።

ሹፌሩ ለብዙ ሳምንታት አላነጋገረኝም። ከዚያ ያንኑ የስፔኑን ጠመንጃ በራሱ ገንዘብ፣ በራሱ ስም ገዛው፤ በኅዳር ሦስት ቀን ዕረፍት ወስዶ ገበሬው ዘንድ ሄደ። ለገና ቤቴ በር ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ብልት ይዞ ቆመ። “ነፍሱ ሳትወጣ ደርሼበታለሁ፣ ብላ” አለኝ። በልተን አመሰገንነው። ጠመንጃውን ግን ማናችንም ተበድረነው አናውቅም። ለመዋስ ሕጉ ይፈቅዳል፣ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን የእኛ ሊሆን የነበረን ነገር እባክህ አውሰኝ ማለት ለማናችንም አልመጣልንም። ቅርጫችን ያኔ ነው የፈረሰው ብዬ አስባለሁ፤ ሹፌሩ ግን የፈረሰው ከአንተ ምላስ ነው ይላል።

የኢንተርቪው ደብዳቤ የመጣው በ2022 መጀመሪያ ነው። ጠዋት ከሊንደን ወስጄው ሄድኩና ፓርኪንግ ውስጥ ጠበቅሁት። መጽሐፍ ይዤ ነበር፤ አንድ ገጽ አምስት ጊዜ አንብቤ ምን እንዳለ አላውቅም። የሚመጣውን ጥያቄ በልቤ እየጠየቅሁ፣ በእሱ ፈንታ እየመለስኩ፣ ያን ቅዳሜ ፈርም ብዬው ቢሆን ኖሮ አሁን ምን ይል ነበር እያልኩ ተቀመጥኩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ወጣ። ካፖርቱን አልቆለፈም፣ እየሮጠ ነበር።

“አለፍኩ ጋሼ!”

አቀፍኩት። ከዚያ መተው ነበረብኝ፣ ግን ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም። “ያቺን ጥያቄ ጠየቁህ?”

“የቷን?”

“ለመንግሥት የሐሰት ቃል ሰጥተህ ታውቃለህ ወይ የምትለዋን።”

“አዎ፣ መኮንኗ ጠየቀችኝ፤ አይ አልኳታ።”

“ወዲያው?”

ግራ ገብቶት አየኝ። “ምን ያስቆመኛል?”

ረስቶታል። ለእሱ ያ ቅዳሜ አንድ ቀላል ጠመንጃ ያነሣበት ቀን ነው። ስልኩን ከፍቶ እየደወለ ነበር፤ አዲስ አበባ መሽቷል፣ ግን አልተኙም፣ እየጠበቁት ነበር። ሚስቱ እልል ስትል በመኪናው መስኮት ሁሉ ተሰማ። ከዚያ የልጅቷ ድምፅ መጣ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፣ መቼ ነው የምንመጣው የሚል። እሱ እየሳቀም እያለቀሰም ስለነበር ስልኩን ለእኔ አቀበለኝ፣ “ጋሼን ጠይቂው፣ ወረቀቱን የሚያውቀው እሱ ነው” ብሎ።

“ገና የሚሞሉ ቅጾች አሉ” አልኳት።

“ስንት?”

ቁጥሩን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ተውኩት።

“አንብቤ እነግርሻለሁ” አልኳት።